በሁለት የተባዛው ግማሽ

በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ሁለተኛ ሳምንት ጁዋይሪያ ኸድር አርባ ሁለት ገጽ ስሌት ይዛ የአማካሪዋን የዶክተር ሔሩይን ቢሮ አንኳኳች። ስሌቱ የሚያልቀው በዜሮ ነበር።

«ተቀመጪ» አሏት። ዶክተር ሔሩይ ተማሪ አስቁመው የማናገር ልማድ የላቸውም፤ ክፉ ነገር የሚናገሩት ሁልጊዜ ተማሪው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ቀጭን፣ ልብሳቸው ንጹሕ ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ መጥተው በመቀሌው የእንደርታ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ፊዚክስ ማስተማር ከጀመሩ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠረጴዛቸው ላይ ከአንድ ብርጭቆ ሙቅ የሎሚ ውሃ በቀር ምንም ነገር አይቀመጥም።

ከአርባ ሁለቱ ገጽ የመጨረሻውን ብቻ መዘው አዩት።

«ዜሮ» አሉ።

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ሁለት ዓመት ደክመሽ ዜሮ አመጣሽልኝ።»

«ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው የሚመጣው።»

«ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው አራተኛ ቢወድቅ አያስደንቅም። የኔን ጽሑፍ አንብበሻል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እዚያ ላይ ዜሮ የሚል አየሽ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ቁጥሩ የጠፋው አንቺ ጋ ነው።» ወረቀቱን አስተካክለው በሁለት እጃቸው መለሱላት። «ሂጂና ፈልጊው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሲጓዝ ይርገበገባል፤ የሚርገበገብበትም አቅጣጫ አለው። ወደ ላይና ወደ ታች ሊሆን ይችላል፣ ወደ ጎንና ወደ ጎንም ሊሆን ይችላል። ይህን አቅጣጫ የፊዚክስ ሰዎች ፖላራይዜሽን ይሉታል። ከባድ ኮከብ በአጠገቡ የሚያልፈውን ብርሃን በስበቱ እንደሚያጎብጠው ከታወቀ ቆይቷል። ኮከቡ በራሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ፣ ገንፎ ሲገነፋ ማማሰያው በአጠገቡ ያለውን ይዞ እንደሚዞር፣ በዙሪያው ያለውን ሕዋ በጥቂቱ ይዞት ይዞራል። የጁዋይሪያ ጥያቄ፣ በዚያ ውስጥ ያለፈ ብርሃን ወዲያ ማዶ ሲደርስ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ዞሮ ይገኛል ወይ፣ ከዞረስ በምን ያህል፣ የሚል ነበር።

ይዞራል ብለው ዶክተር ሔሩይ በ1988 ዓ.ም. ጽፈዋል። ጽሑፉ አሥር ገጽ ነው፤ ውጭ አገር በሚታተም አንድ አነስተኛ መጽሔት ላይ ወጥቶ፣ አሁን በዲፓርትመንቱ መግቢያ ባለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይታያል። ከዚያ ወዲህ የማስተርስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ዶክተር ሔሩይ አንድ ኮከብ ይሰጡታል፤ ተማሪው የኮከቡን ክብደትና ፍጥነት በእሳቸው ቀመር ውስጥ አስገብቶ ቁጥር ያወጣና ይመረቃል። ጁዋይሪያ ከእነዚያ የተለየችው ቀመሩን ከመጠቀሟ በፊት ከሥር ጀምራ ራሷ ላውጣው በማለቷ ነው።

ወደዚህ ነገር ያመጣት የአባቷ ሱቅ ነው። ኸድር ከወሎ፣ ከባቲ መጥተው በቀዳማይ ወያነ ገበያ የፀሐይ መነጽርና የእጅ ሰዓት መነገድ ከጀመሩ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ደንበኛ መነጽሩ ዋናው መሆኑን ሲጠራጠር፣ ሁለት መነጽር አንሥተው አንዱን መስታወት ከሌላው ላይ ይደርቡና ያዞሩታል። ሲያዞሩት ሲያዞሩት ድንገት ድርግም ብሎ ይጨልማል። «አየህ፣ የቻይናው አስመሳይ እንዲህ አይልም» ይላሉ። ለምን እንደሚጨልም፣ መስታወቱ በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ እንደሚያሳልፍ፣ አያውቁም፤ ጠይቀውም አያውቁም። የጠየቀችው ልጃቸው ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። የሚመልስላት ስታጣ ስምንተኛ ክፍል፣ ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ እዚህ ደረሰች።

ዲግሪዋን ይዛ ሦስት ዓመት ያህል በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በክፍል ሰባ ሰባት ተማሪ አስተምራለች። ስሌት የምትሠራው ፈተና አርማ ስትጨርስ ነበር፤ ፈተናውም አያልቅም ነበር። አሁን ኢንስቲትዩቱ አንድ የመምህርነት ቦታ ከፍቷል። ከዲኑ በተጻፈላት ደብዳቤ መሠረት፣ የመመረቂያ ጽሑፏን እስከ ሐምሌ አንድ ቀን ድረስ «በጣም ጥሩ» በሚል ደረጃ ከተከላከለች ቦታው የእሷ ነው። ካልሆነ ለሚቀጥለው ተወዳዳሪ ይሰጣል፤ እሷም ወደ ሰባ ሰባቱ ትመለሳለች። በመቀሌ ከተማ ለአንድ ሰው ደመወዝ ከፍሎ ስለ ብርሃን እንዲያስብ ጊዜ የሚሰጥ ሥራ ያ ብቻ ነበር።

ስሌቱን አራተኛ ጊዜ ሠራችው። ዜሮ መጣ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሴሚናር አለ። የዲፓርትመንቱ መምህራንና ተማሪዎች ተሰብስበው ከመካከላቸው አንዱ የደረሰበትን ያቀርባል። ዶክተር ሔሩይ ከዚያች ረቡዕ ጀምሮ ለአምስት ተከታታይ ሳምንት ጁዋይሪያን አወጧት። ሰሌዳው ላይ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው እንድትሠራ ያደርጓታል፤ አያቋርጧትም። ስትጨርስ፣

«ስንት መጣ?» ይሏታል፣ እያዩት።

«ዜሮ።»

«አመሰግናለሁ፣ ወይዘሪት ዜሮ። ተቀመጪ።»

ስሙ ተለጠፈባት። ካፌ ስትገባ አንዱ፣ «ዛሬስ ስንት ደረሰ? ጨመረ ወይስ እዚያው ነው?» ይላል። ሌላው፣ «ከዓይናለም ጉድጓድ እንደሚመጣልን ውሃ ነው፤ ቧንቧው አለ፣ ከፍተሽ ስታይው የለም» ብሎ ያስቃል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ባትስቅ የባሰ እንደሚሆን ታውቃለች።

በሦስተኛው ረቡዕ ዶክተር ሔሩይ የመጨረሻውን ዜሮ አጉልታ ከሰሌዳው ላይኛው ቀኝ ጥግ እንድትጽፈው ጠየቋት። ጻፈችው።

«አጠገቡ ‹አይጥፋ› ብለሽ ጻፊበት።»

ጠመኔውን ይዛ ዞር ብላ አየቻቸው። ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ሳምንቱን ሙሉ እናስብበት ብዬ ነው» አሉ በለሆሳስ። «ምናልባት ከመካከላችን አንዱ ይገባው ይሆናል።»

ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ክፍል ያስተማሩ መምህራን ዜሮዋን እየዞሩ ጻፉ። የጽዳት ሠራተኛዋም ያንን ጥግ ትታ ሌላውን ትጠርግ ነበር።

ጁዋይሪያ ስሕተቱን ያገኘችው በግንቦት አጋማሽ፣ ቤተሰቧ ወደሚኖርበት ሰፈር ወደ ሓድነት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ ነው። የዶክተር ሔሩይን ጽሑፍ ቅጂ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ ሳታውቅ ታገላብጥ ነበር። ገጽ ስድስት ላይ ዶክተሩ የብርሃኑን ጉዞ ከሁለት ይከፍሉታል። ወደ ኮከቡ እየቀረበ የሚመጣበት አንዱ ግማሽ ነው፤ ከኮከቡ እየራቀ የሚሄድበት ሌላው ግማሽ ነው። ከዚያም የሚሄድበትን ግማሽ ብቻ አስልተው፣ «ሁለቱ ግማሾች አንድ ዓይነት ስለሆኑ» ይሉና በሁለት ያባዙታል። አንድ መስመር ናት። ጁዋይሪያ ያቺን መስመር ቢያንስ ሃምሳ ጊዜ አልፋታለች፤ ምክንያቱም ትክክል ትመስላለች። ሁለቱ ግማሾች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ብርሃኑ ሲመጣ ኮከቡ በአንድ አቅጣጫ የጠመዘዘውን፣ ሲሄድ በተቃራኒው መልሶ ይፈታዋል። ከኮከቡ ውጭ ያለፈ ብርሃን ማዶ ሲደርስ እንደ አመጣጡ ሆኖ ይገኛል። መደመር የነበረበት ግማሽና ማይነስ ግማሽ ነው።

መውረጃዋን ሁለት ፌርማታ አልፋ ነበር። ወርዳ በእግሯ ተመለሰች።

በማግስቱ ወደ መምህር ዓንደብርሃን ሄደች። ዓንደብርሃን የውቅሮ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የላቦራቶሪ ኮርስ ያስተምራል። የመመረቂያ ጽሑፏን በምትከላከልበት ቀን የውስጥ ፈታኝ ሆኖ የተመደበውም እሱ ነበር። ገጽ ስድስትን ከእሷ ስሌት ጎን አስቀምጦ በእርሳስ እየተከተለ ሠራው። ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀበት።

«ሓቅኺ» አለ በመጨረሻ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «ሓቅሽን ነው፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ዋይ፣ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።»

«አሁን አይተኸዋል እንግዲህ።»

«አይቼዋለሁ እኮ።» እርሳሱን አስቀመጠ። «ምክር ትሰሚኛለሽ? ዜሮሽን ይዘሽ ግቢ። የእሳቸውን ገጽ ግን አታምጪው። ሰው ዜሮን ይቅር ይላል፤ ገጹን ይቅር አይልም።»

«ካላመጣሁት ለምን ከእሳቸው እንደተለየሁ በምን አስረዳለሁ?»

«አታስረጂ። እኔ እጠይቅሻለሁ፣ በጎን በኩል። ጥያቄውን አስተካክዬ እጠይቅሽና ትመልሻለሽ፤ የውጭ ፈታኙ ይገባዋል፤ ዶክተርም ይገባቸዋል፤ ማንም ስም አይጠራም። እሺ?»

«እሺ» አለችው። ነገር ግን ደረጃውን ስትወርድ ነገሩ ስርቆት ስርቆት ሸተታት። አማካሪዋን በሰው ፊት ከማስደንገጥ አስቀድሞ ለብቻቸው መንገር ይሻላል ብላ አሰበች። ያደገችው፣ የሰው ሚዛን ከጎደለ ጆሮው ላይ ንገረው እንጂ በገበያ መካከል አትጥራው እየተባለች ነው። ኸድር ሱቃቸውን የሚያስተዳድሩት በዚህ ነበር፤ ጎረቤቶቻቸውም ስለዚህ ያከብሯቸዋል።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ዶክተር ሔሩይ ቢሮ ገባች።

«ተቀመጪ» አሏት።

ገጽ ስድስትን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው፤ በዝግታ፣ አንገቷን ደፍታ አስረዳቻቸው። ዶክተር ሔሩይ ሲያዳምጡ የሎሚውን ውሃ ሁለት ጊዜ ተጎነጩ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ያቺን አንዲት መስመር ረጅም ጊዜ አዩዋት። ጁዋይሪያ አዘነችላቸው።

«ሌላ ማን አይቶታል?»

«መምህር ዓንደብርሃን ብቻ።»

«ምን አለ?»

«ትክክል ነው አለኝ።»

«ጎሽ።» ወረቀቱን መለሱላት። «ጻፊው እንግዲህ። እፈርምልሻለሁ።»

ይህን አልጠበቀችም። «የእርስዎን ገጽስ ምን ላድርገው? ሳላነሣው ባልፍ ደስ ይለኛል።»

«ለምን? አሳዪው እንጂ። ሳይንስ ነው። እኔ ሙሽራ አይደለሁም በመጋረጃ የምሸፈነው።»

«እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው።»

«አንቺ እኔን?» ፈገግ አሉ። እሷም ፈገግ አለች።

ልትወጣ ስትል አንድ ነገር አስታወሰች። በቤተ መጻሕፍቱ ኢንተርኔት የመጽሔት ርእስ ብቻ ይታያል፤ ጽሑፉን ለማንበብ ክፈሉ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ስለዚህ ተማሪ የሚያነበው አማካሪው ከመደርደሪያው አውርዶ የሚሰጠውን ነው።

«ዶክተር፣ ከዚህ በፊት ይህንን የሠራ ሌላ ሰው ካለ ባነበው...»

«መጀመሪያ ስትመጪ ምን አልኩሽ?»

«ከእርስዎ ጽሑፍ ጀምሪ ነው ያሉኝ።»

«ጀመርሽ አይደለም?»

«ጀመርኩ።»

«በቃ።»

በዚያ ምሽት ሓድነት፣ ራት ላይ፣ ስለ አማካሪዋ ለአባቷና ለእናቷ ለዙሀራ ነገረቻቸው። እንዲህ ያለ ሰው በሺህ አንድ አይገኝም አለቻቸው። ኸድር የጎረሱትን እስኪውጡ ቆዩና፣ «ደግ ሰው ያገናኝሽ ብዬ አላህን ስለምን የኖርኩት ይህን ነው» አሉ። «የቀለም አባት ከወለደ አያንስም። ዱዓ አድርጊላቸው።»

«ሽማግሌ ናቸው?» አለች ዙሀራ።

«አይደሉም፣ እማ።»

«ይሁን፣ ሽማግሌም ባይሆኑ እድሜ ይስጣቸው።»

ጽሑፏን የምትከላከልበት ቀን ሰኔ 22 ሆነ። በኢንስቲትዩቱ ወግ ተመራቂ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። ቤተሰብ ለስላሳና ብስኩት አምጥቶ በኮሪደሩ ይደረድራል፤ ፈታኞቹ ውጤት ተናግረው ሲወጡ እልል ተብሎ ይጠጣል። ሥነ ሥርዓቱ ግን ከ«እንኳን ደህና መጣችሁ» ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው። ወላጆች ኋላ ተቀምጠው ልጃቸው ሲናገር ያያሉ፤ የሚያዩት ፊቱን ነው። ከፈታኙ ጥያቄ ይልቅ የፈታኙን ግንባር ያነብባሉ።

ኸድር ኮት ለብሰው፣ ነጭ ቆብ አድርገው መጡ። ዙሀራ ለዒድ የገዛችውን ሻርፕ ለብሳለች። ከሓድነት ሁለት ጎረቤቶችም ነበሩ። ሦስት ሳጥን ለስላሳ በር አጠገብ አስቀመጡና በመጨረሻው ረድፍ ተቀመጡ።

የውጭ ፈታኙ ዶክተር ታመነ በጠዋቱ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ወፍራም፣ ትንሽ የደከማቸው ሰው ናቸው። ሰብሳቢው ዲኑ ነበሩ። ጁዋይሪያ ሃያ አምስት ደቂቃ አቀረበች። ከኮከቡ ውጭ ያለፈ ብርሃን በመጀመሪያው ደረጃ ስሌት ፖላራይዜሽኑ አይዞርም፤ የተጠመዘዘው ይፈታል፤ ድምሩ ዜሮ ነው ብላ ጨረሰች።

ዶክተር ታመነ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ።

«ጥሩ አቅርበሻል። አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። በዚህ ሥራ ውስጥ አዲሱ ነገር ምንድን ነው?»

ጁዋይሪያ ወደ አማካሪዋ አየች። ዶክተር ሔሩይ እንደ መፍቀድ ራሳቸውን ነቀነቁላት። ቀጣዩን ስላይድ አመጣች። ገጽ ስድስት ግድግዳው ላይ በራ፤ አንዲቷ መስመር በቀይ ተከብባለች።

«ታትሞ የወጣ አንድ ስሕተት አርሜያለሁ» አለች።

ከመምህራኑ ማንም የጽሑፉን ባለቤት መጠየቅ አላስፈለገውም፤ በመግቢያው መስታወት ውስጥ በየቀኑ ያዩታል። ዓንደብርሃን ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ።

ዶክተር ሔሩይ ተነሡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ይፈቀድልኝ። ተማሪዋ ትክክል ናት። ይህ ገጽ የኔ ነው፤ ስሕተቱም የኔ ነው። ጽሑፉ በወጣ በዓመቱ አንድ የውጭ አገር አንባቢ በደብዳቤ አመልክቶኝ ነበር፤ ደብዳቤው ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ውጤቱ ዜሮ መሆኑማ ከሃምሳ ዓመት በፊት በሌሎች ሰዎች ተሠርቶ በመጻሕፍት የሰፈረ ነገር ነው። እኔ ወጣት ስለነበርኩ አላነበብኩትም። መምህር ነኝ የሚል ሰው ስሕተቱን በተማሪው ፊት ቆሞ ሊያምን ይገባዋል። እኔ አምናለሁ፤ አላፍርም።»

ከዚያ ዲኑ አጨበጨቡ። ዶክተር ታመነ ተከተሉ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። አንድ አዛውንት መምህር ዓይናቸውን ጠረጉ።

ኋላ ያሉት ሰዎች ሲጨበጨብ አዩ። ኸድር ብድግ ብለው ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። ዙሀራ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ተቀበሏት። ዲኑ እየሳቁ በእጃቸው ዝቅ እንዲያደርጉት ለመኗቸው። ጁዋይሪያ በፕሮጀክተሩ ብርሃን ውስጥ ቆማ ነበር፤ የቀዩ ክብ ጠርዝ ጉንጯ ላይ አርፏል።

ዶክተር ሔሩይ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቀው ተቀመጡ። ከተቀመጡ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስለዚህ» አሉ፣ «የዶክተር ታመነ ጥያቄ ገና አልተመለሰም።»

ዶክተር ታመነ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «እውነት ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተሠራ ከሆነ አንቺ ምን ጨመርሽ? እነዚያ ጽሑፎች ለምን በማጣቀሻሽ ውስጥ አልተጠቀሱም?»

«አላገኘኋቸውም።»

«አማካሪሽን አልጠየቅሽም?»

«ጠይቄያለሁ። ከእሳቸው ጽሑፍ እንድጀምር ነው የነገሩኝ።»

«እንድትጀምሪ» አሉ ዶክተር ሔሩይ። «እዚያው እንድትጨርሺ አላልኩሽም።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ከጭብጨባው የተረፈ ነበር።

ተራው የውስጥ ፈታኙ ደረሰ። ጁዋይሪያ ዓንደብርሃንን አየችው። እሱ ግን የጽሑፏን የመጨረሻ ገጾች ነበር የሚያየው።

«የማጣቀሻዎቹ አጻጻፍ አንድ ወጥ አይደለም» አለ። «አንዳንዱ ላይ ዓመተ ምሕረቱ መጨረሻ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ላይ መሐል። ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ፈታኞቹ ለመወያየት ወደ ጎን ክፍል ገቡ። ሃያ ደቂቃ ቆዩ። በኮሪደሩ ዙሀራ ሳጥኖቹን ከፈተች፤ ውጤቱን መጠበቅ ወጉ መሆኑን ጎረቤቷ ብታስታውሳትም፣ «አጨብጭበው ጨርሰው ምን ይጠበቃል?» አለቻት። ለመምህራኑም፣ ለተማሪዎቹም፣ ለጽዳት ሠራተኛዋም በእጇ አደለች። የተቀበሉት ሰዎች «እንኳን ደስ ያላችሁ» አላሉም፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ጠርሙሱን እያዩ ጠጡ። ኸድር ለልጃቸው አንድ ከፍተው ሰጧት። ይዛው ቆመች።

«ጠጪ እንጂ። አፍሽ ደርቋል።»

«ቆይ፣ አባዬ።»

ተጠሩና ገቡ። ዲኑ ወረቀት አነበቡ። ጽሑፉ አዲስ ውጤት ስለሌለውና የቀደሙ ሥራዎችን ስላላካተተ በዚህ መልኩ ተቀባይነት አላገኘም፤ ተማሪዋ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በአዲስ ርእስ ሠርታ እንደገና ትቅረብ። ኮሚቴው የአማካሪውን ሳይንሳዊ ታማኝነት በልዩ ሁኔታ ያመሰግናል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ እንደገና ተጨበጨበ፤ ኸድርም እንደገና አጨበጨቡ።

ሰው መውጣት ሲጀምር ኸድር በረድፎቹ መካከል ቀጥ ብለው ወደ ዶክተር ሔሩይ ሄዱ። ጁዋይሪያ ልትደርስባቸው ሮጠች፤ ሰው መንገዱን ዘጋባት። ስትደርስ አባቷ የዶክተሩን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠግተውት ነበር።

«አላህ ውለታዎን ይክፈልዎት» ይላሉ። «ልጄን ሰው አደረጉልኝ። እኔ መሃይም ነጋዴ ነኝ፣ የምሰጥዎ የለኝም። ቤቴ ቤትዎ ነው።»

ዶክተር ሔሩይ እጃቸውን አላስለቀቁም። በአባቷ ቆብ ላይ አሻግረው ወደ ጁዋይሪያ ተመለከቱ።

«አልነገርሻቸውም?»

«አልነገርኳቸውም።»

«ንገሪያቸው እንጂ። ትልቅ ሰው እንዲህ አይደረግም።»

ኸድር አንዴ ወደ እሳቸው፣ አንዴ ወደ ልጃቸው አዩ።

«አባዬ፣ አላለፍኩም።»

«አጨበጨቡልሽ እኮ።»

«ለእሳቸው ነው ያጨበጨቡት።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛውም ለእሳቸው ነው።»

የኸድር እጅ ቀስ ብሎ ላላ። በበሩ በኩል ዙሀራ ለአንድ ሰው ጠርሙስ ስትከፍት የቆርኪው ድምፅ ተሰማ። ኸድር ፊታቸው ቀልቶ ወደ በሩ ተመለከቱ፣ ከዚያ ወደ መሬት። ሃያ ዓመት ሙሉ በገበያ መካከል ማንንም ላለማዋረድ የተጠነቀቁ ሰው ናቸው፤ አሁን የጠረጠሩት ልጃቸው እዚህ ያደረገችው አንድ ነገር መኖሩን ነው። አለዚያ እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይጥላታል?

«አጥፍታ ከሆነ በኔ ይሁንብኝ» አሉ፣ ጎንበስ ብለው። «ልጅ ናት፣ አታውቅም። በአባትነት ይዩልኝ። ያ የሥራ ቦታ እንኳ...»

«ቦታው እስከ ሐምሌ አንድ ነበር፣ ጋሼ። ዛሬ ሰኔ ሃያ ሁለት ነው። ለሌላ ሰው መሰጠቱ ነው።» ዶክተር ሔሩይ ይህን ያሉት በጣም በትሕትና ነው። «በሚቀጥለው ዓመት ግን አዲስ ርእስ እሰጣት ይሆናል። በእሷ ነው የሚወሰነው።»

ኸድር ያቺን ጥቂት ተስፋ ያዙ። የልጃቸውን ክንድ ጨብጠው ወደ ፊት ሳቧት።

«ይቅርታ ጠይቂያቸው።»

«አባዬ...»

«ይቅርታ ጠይቂ አልኩሽ። የቀለም አባትሽ ናቸው።»

ጁዋይሪያ ያልጠጣችው ጠርሙስ አሁንም በእጇ ነበር። የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች። «ይቅርታ፣ ዶክተር» አለች።

«ስለ ምኑ?»

አባቷ ክንዷን አጥብቀው ያዙ።

«ስለ ዜሮው።»

«ዜሮውማ ትክክል ነው። ለትክክል ነገር ይቅርታ አይጠየቅም።» አላቻኮሏትም፤ ጊዜ ነበራቸው። «ሌላ?»

«ገጹን በሰው ፊት ስላሳየሁት።»

«አሳዪው ያልኩሽ እኔ ነኝ።» ወደ ኸድር ዞሩ። «አዩ፣ ጋሼ፣ ችግሯ ይህ ነው። ምን እንዳጠፋች አታውቅም። ሳታውቅ የምትጠይቀኝን ይቅርታ ብቀበል እኔ መምህር አይደለሁም።»

«እውነትዎን ነው» አሉ ኸድር።

«ስታውቀው ትምጣ። ቢሮዬ ሁልጊዜ ክፍት ነው።» ከጁዋይሪያ እጅ ጠርሙሱን በዝግታ ወስደው፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ዶክተር ታመነ ወደቆሙበት ሄዱ። ዶክተር ታመነ ትከሻቸውን አቅፈው ተቀበሏቸው።

ኸድር የልጃቸውን ክንድ ለቀቁ። የያዙበት ቦታ ላይ የልብሷ እጅጌ ተጨማድዶ ነበር፤ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ዳበስ አድርገው አስተካከሉላት።

«እስከ ሰኞ አስቢበት» አሏት። «ሰኞ አብሬሽ እመጣለሁ።»